በለንደን የሰፈር ፐብ ሰንደይ ሮስት፦ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ?

የታፍነል ፓርክ እናት

ሰላም ለመላው የመድረኩ ተሳታፊዎች። በሰሜን ለንደን፣ ታፍነል ፓርክ አጠገብ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በመንገዳችን ማዕዘን ላይ ያለው ፐብ (መጠጥ ቤት) በሰንደይ ሮስቱ፣ ማለትም በእሑድ የጥብስ ሥጋ ምሳው፣ በአካባቢው ሁሉ የታወቀ ነው፤ እሑድ ቀን በበሩ ስናልፍ የሥጋውና የድንቹ ሽታ እስከ መንገዱ ይወጣል፣ ውስጡም በሽማግሌዎች፣ በወጣቶችና ሕፃን በታቀፉ ወላጆች ይሞላል። ከጎናችን የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት የእሑድ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ሲሆን፣ እኛንም አብረናቸው እንድንቀመጥ ደጋግመው ጋብዘውናል።

ባለቤቴ ግብዣውን መቀበል ከብዶታል። እርሱ ባደገበት ሰፈር መጠጥ ቤት ማለት ወንዶች የሚያመሹበት ቦታ ስለነበር፣ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋንና ልጆቻችንን በእጃችን እንደያዝን እንዲህ ያለ ቤት መግባት ለእርሱ ነውር ነው። እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ የጎረቤትን ግብዣ ደጋግሞ መመለስ የሚያስከትለው መራራቅ ነው፤ በዚህ አገር ከሰላምታ ያለፈ ቅርበት ያሳዩን እነዚህ ሰዎች ብቻ ናቸውና። በፐብ ሮስት የበላችሁ ወይም በእንዲህ ያለ ቤት የሠራችሁ ሰዎች ሥርዐቱ ምን እንደሚመስል፣ ለልጆችና መጠጥ ለማይቀምስ ሰው ይመች እንደሆነ፣ በጾም ወቅትስ ምን እንደሚደረግ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የካሌዶኒያን ሮድ ነዋሪ

እኅታችን፣ የባለቤትዎ ስሜት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፐብን የወንዶች ቦታ አድርገው ነው የሚያዩት የነበረው። ሰንደይ ሮስት ተወልዶ ያደገው በቤት ውስጥ ነው፤ የተሳሰረውም ከቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። ቤተሰቡ ለጸሎት ከመውጣቱ በፊት ትልቁ ሥጋ ወደ ምድጃ ይገባል፣ ከጸሎት ሲመለስ በስሎ ይጠብቃል። በቤታቸው ምድጃ ያልነበራቸው ድሆች ደግሞ፣ ዳቦ ጋጋሪው እሑድ ስለማይጋግር፣ ሥጋቸውን ወደ እርሱ ወስደው በጋለው ምድጃ ያስጠብሱ ነበር። እኛም ሳንቀምስ አስቀድሰን ተመልሰን ማዕድ የምንቀርብ ሰዎች ስለሆንን፣ የዚህ ምግብ ሥርዐት ከእሑዳችን ጋር የሚቃረን ሆኖ አይታየኝም።

ፐቡ ወደዚህ ልማድ የገባው በሌላ በኩል ነው። ሚስቶች ምሳውን ሲያበስሉ ባሎች ሰፈር ውስጥ ወዳለው ፐብ ሄደው አንድ ሁለት ብርጭቆ ይጠጡ ነበር። ሕጉም የእሑዱን ሰዓት አጥብቆ ይገድብ ስለነበር፣ ፐቡ ቀትር ላይ ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ይዘጋና እንደገና የሚከፍተው ማታ ነበር፤ ስለዚህም ወንዶቹ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ወደ ቤታቸው መመለስ ነበረባቸው። ይህ የእሑድ ከሰዓት መዘጋት በእንግሊዝ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ሳይጣደፍ ተቀምጦ የሚበላበት ጊዜ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በ1991 በፋሪንግደን ሮድ ያለው ዘ ኢግል ምግብን እንደ መጠጡ ሁሉ በቁም ነገር የሚይዝ ፐብ ሆኖ መከፈቱ፣ ብዙ ፐቦች ወጥ ቤታቸውን እንዲያሻሽሉ መንገድ አሳየ። በሐምሌ 2007 ደግሞ በፐቦችና በሌሎች የተዘጉ የሕዝብ ቦታዎች ውስጥ ማጨስ በሕግ ተከለከለ። እኔ እንደማምነው ለእንደ እርስዎ ላሉ ወላጆች ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሕፃን ይዞ በጭስ መካከል ምሳ ይበላል ብሎ ማሰብ አይቻልምና።

ባለቤትዎ በልጅነታቸው የሚያውቁት ቦታና የዛሬው የእሑድ ፐብ የተለያዩ መሆናቸውን እንዲያዩ፣ መጀመሪያ ምግብ ሳያዝዙ ብቻቸውን ገብተው አንድ ሻይ እንዲጠጡ ይምከሯቸው። አብዛኛው ፐብ ሻይና ቡና ያቀርባል።

የወጥ ቤት ሰው

የምሠራው በደቡብ ለንደን በአንድ ፐብ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ እሑድ ከወጥ ቤቱ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሰው የሚበላውን ነገር ሲያውቅ ልቡ ይረጋጋል።

ሥጋው ማለዳ ከማቀዝቀዣ ይወጣል፤ በሬ ከሆነ ሽንጥ ወይም ጎድን፣ በግ ከሆነ እግር ወይም ትከሻ ነው። ጨው ይነሰነስበትና የማቀዝቀዣው ብርድ እስኪለቀው ይቀመጣል። ድንቹ ብዙ ጊዜ ማሪስ ፓይፐር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተልጦ፣ ጠርዙ ሊፈረፈር እስኪደርስ ተቀቅሎና ውኃው ተንጠፍጥፎ እንፋሎቱ እስኪወጣለት ይቆያል። ከዚያ በድስቱ ውስጥ ይናጥና ዙሪያው ሲላላጥ በጋለ የበሬ ሞራ ወይም የዝይ ስብ ላይ ይገለበጣል። ያ የተላላጠው ጠርዝ ነው ደርቆ የሚንኮሻኮሸው፤ ድንቹ ለስላሳ ሆኖ ወደ ድስቱ ከገባ ስቡን ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል እንጂ አይደርቅም።

ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚባለው ከዕንቁላል፣ ከወተትና ከዱቄት በቀጭኑ ተበጥብጦ የሚጋገር ነው። ጎድጓዳው ቆርቆሮ ስቡን እንደያዘ ምድጃ ውስጥ ገብቶ እስኪጨስ ይግላል፤ ሊጡ ሲፈስበት ጭስስ የሚል ድምፅ ካልሰጠ ስቡ ገና ነው ማለት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ የምድጃው በር አይከፈትም፤ ሊጡን የሚያነሣው እንፋሎቱ ስለሆነ ብርድ ከነካው ይሟሽሻል። ጥንት ይህ ሊጥ በእሳት ላይ ከሚዞረው ሥጋ ሥር ተቀምጦ የሚንጠባጠበውን ስብ እየተቀበለ ነበር የሚበስለው። ዮርክሻየር በሚለው ስሙ በ1747 በታተመ የእንግሊዝ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዮርክሻየር ከሥጋው በፊት በመረቅ ብቻ ይቀርብ ነበር፤ ሆድ አስቀድሞ ሲያዝ ውዱ ሥጋ ለሁሉም ይበቃል። እንግሊዞች ነገሩን በቁም ነገር ስለሚይዙት፣ የብሪታንያ ኬሚስቶች ማኅበር በ2008 ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ዮርክሻየር ፑዲንግ ስሙ አይገባውም ብሎ ነበር።

ሥጋው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ወዲያው አይቆረጥም፤ ጭማቂው እንዲመለስለት ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ ይባላል። ግሬቪ የሚባለው መረቅ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነው፤ ከመጥበሻው ሥር የቀረው ቡናማ ቅሪት በአጥንት መረቅ ይፋቅና በጥቂት ዱቄት ይወፍራል። በኔ እምነት የአንድ ፐብ ማንነት የሚታወቀው በዚህ መረቅ ነው። ከታሸገ ዱቄት በፈላ ውኃ የሚበጠብጡ ቤቶች አሉ፤ ጣዕሙ ጨው ጨው ስለሚልና ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ በቀላሉ ይለያል።

ጾመኛ

ስለ ጾም የተጠየቀውን ልመልስ። እሑድ በዐቢይ ጾም፣ በነቢያት ጾምም ሆነ በፍልሰታ ውስጥ ሲውል ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከላችን እንዳለ ነው። የእንግሊዞቹ ገና ታኅሣሥ 25 በእነርሱ አቆጣጠር ስለሚውል ሁልጊዜ በነቢያት ጾማችን ውስጥ ይገባል፤ ፋሲካቸውም ከኛ የሚቀድምበት ዓመት ብዙ ስለሆነ፣ በጉ በየጠረጴዛው ሲቀርብ እኛ ገና በሰሙነ ሕማማት ወይም ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ልንሆን እንችላለን። ጎረቤቶችዎ ለነዚህ በዓላት ቢጋብዙዎ ይህንን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይቀየምም።

ብዙ ፐቦች ከለውዝና ከአትክልት የሚጋገር ነት ሮስት አላቸው። ነገር ግን በሳህኑ ላይ ሥጋ የለም ማለት ጾም ነው ማለት አይደለም። ድንቹ በበሬ ሞራ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል፤ ዮርክሻየር ፑዲንጉ ዕንቁላልና ወተት አለበት፤ ጥቅል ጎመኑና ካሮቱ በቅቤ ይታሻል፤ መረቁም ከሥጋ ነው። ስለዚህ የአትክልት ብቻ ሳይሆን ቪጋን፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የሌለበት፣ መሆኑን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አስተናጋጆቹ ጥያቄው አይከብዳቸውም፤ ሕጉ 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችን ለይተው እንዲያሳውቁ ስለሚያስገድዳቸው ዝርዝሩ በእጃቸው አለ።

አሳማን በተመለከተ፣ የአሳማው ሥጋ ለብቻው ስለሚቀርብ አያሳስብም፤ ልብ ሊባል የሚገባው ከዶሮ ጋር የሚመጣው ስተፊንግ የሚባለው መሙያ ነው፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ሥጋ ይገባበታልና።

በበኩሌ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያሉትን እሑዶች እመርጣለሁ። ከአዋጅ ጾም ነፃ ነን፣ እንግሊዞቹም ብርዱ ሲጀምር ሮስቱን አብልጠው ስለሚወዱት ወጥ ቤቱ ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

የወሎ ልጅ

እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ በጥያቄው ላይ የተለየ አቋም አለኝ፤ በአክብሮት ላቅርበው። መጠጥ በሚቀርብበት ማዕድ አልቀመጥም። ሥጋውም ሐላል ካልሆነ ለኔ አይሆንም፤ በመረቁ ውስጥ ወይን ወይም ቢራ የሚጨምሩ ቤቶችም አሉ። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቼ ሲጋብዙኝ ዝም ብዬ ሰበብ አላበዛሁም። እምነቴ የሚፈቅደውንና የማይፈቅደውን በግልጽ ነገርኳቸውና ወደ ቤቴ ጠራኋቸው፤ ዶሮ ወጥና ቡና በተራ ቀረበላቸው። ከዚያ በኋላ ግንኙነታችን ጠነከረ እንጂ አልላላም።

የእኅታችን ባለቤትም ከልባቸው የማይወዱት ከሆነ መገደድ ያለባቸው አይመስለኝም። ጉርብትና በፐብ ብቻ አይገነባም።

የታፍነል ፓርክ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሎ ልጅ ያሉትን ለባለቤቴ አንብቤለት በጣም ተስማምቶታል፤ ጎረቤቶቻችንን አስቀድመን በቤታችን ቡና ልንጠራቸው ወስነናል። ያ ግን የእነርሱን ግብዣ አይተካም ብዬ አምናለሁ፤ ሰው በራሱ ማዕድ ሊያስተናግድ ሲፈልግ ክብሩን መጠበቅ ደግ ነው፣ የእነርሱ ማዕድ ደግሞ ያ ፐብ ነው። ስለዚህ የቀረኝን ልጠይቅ። አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ ይመጣል ወይስ ሄዶ ማዘዝ ያስፈልጋል? የሚከፍለውስ ማን ነው? ልጆቼ ዘጠኝና ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ከካምበርዌል

ከልጆቹ ልጀምር። በእንግሊዝ ሕግ ልጆች ከአዋቂ ጋር እስከሆኑ ድረስ ወደ ፐብ መግባት ይችላሉ፤ ቤቱ ግን የራሱን የሰዓት ገደብ ሊያወጣ ስለሚችል ጠረጴዛ ሲያስይዙ ዕድሜያቸውን ይናገሩ። ለልጆች በግማሽ ዋጋ ገደማ ትንሽ ሮስት ያቀርባሉ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ግን ሙሉውን ሳይፈልግ አይቀርም። ውሾች በጠረጴዛ ሥር እንደሚተኙም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በኛ ቤት ውሻ ከማዕድ አጠገብ ስለማይቀርብ ልጆች ይደነግጣሉ፣ ደግሞም ሳያስፈቅዱ መንካት ነውር ነው።

ማዘዙ እንደ ቤቱ ይለያያል። በብዙ ፐብ ሰው የጠረጴዛውን ቁጥር ይዞ ወደ መጠጥ መቅጃው ባንኮኒ ሄዶ ያዝዛል፣ ወዲያው ይከፍላል፣ ምግቡ ብቻ ወደ ጠረጴዛው ይመጣለታል። ባንኮኒው ፊት ሰልፍ የለም፤ ተራ ግን አለ። ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች ማን ከማን በፊት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ መጠጥ ቀጂው ተሳስቶ ወደ እርስዎ ቢመለከት ከእርስዎ በፊት የቆመውን ማመልከት ትልቅ ጨዋነት ነው። እጅ ማውለብለብ፣ ገንዘብ እያሳዩ መጣራት ወይም ማፏጨት ያስነውራል። በጠረጴዛ የሚታዘዝባቸው ቤቶች ደግሞ ሂሳቡ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ)፣ በለንደን ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ፣ ይጨምራሉ፤ ይህ በሰው ፈቃድ የሚከፈል ነው። ባንኮኒ ላይ ጉርሻ መስጠት የተለመደ አይደለም።

ስለ አከፋፈል ማስተዋል ያስፈልጋል። እኛ ሂሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል» ብለን መታገል የፍቅር ምልክት ነው፤ እንግሊዞቹ ግን ይጨነቃሉ። ጎረቤቶችዎ በግልጽ «የምንከፍለው እኛ ነን» ካላሉ በቀር ምግቡን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ይከፍላል፤ መጠጡ ግን በራውንድ ይሄዳል። አንዱ ተነሥቶ ለጠረጴዛው ሁሉ ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው ይነሣል። የራስን ተራ ሳይጠብቁ ቀድሞ መነሣት የሚወደድበት ቦታ ይህ ስለሆነ፣ ለጋስነትዎን እዚህ ላይ ያሳዩበት። ባለቤትዎ የሚጠጡት ሶዳ በሎሚ ቢሆን ማንም አይጠይቃቸውም። በእንግሊዝ መጠጥ ለመሸጥ የተፈቀደለት ቤት ለደንበኛው የቧንቧ ውኃ በነፃ የመስጠት ግዴታም አለበት።

ጠረጴዛ ሳያስይዙ ግን አይሂዱ። ቅዳሴው የሚወጣበትን ሰዓት አስልተው በኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ገደማ ቢይዙ ጥሩ ነው፤ ዐሥር ሰዓት ካለፈ በሬው ያልቃል።

የቅመም ወዳጅ

አንድ ነገር ልናገር። ለንደን ውስጥ በጥሩ ፐብ አንድ ሮስት ከ20 ፓውንድ በላይ ከፍዬበታለሁ፤ ለቤተሰብ ሲሆን ቀላል ወጪ አይደለም። ምግቡም በርበሬ ለለመደ አፍ ጭው ያለ ነው። በዚህ ዋጋ ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ካሉት የአገራችን ምግብ ቤቶች በአንዱ ሙሉ ቤተሰብ ጠግቦ ይበላል ባይ ነኝ።

የወጥ ቤት ሰው

ዋጋው እውነት ነው፤ የሥጋውም የጋዙም ዋጋ ንሯል፣ ጥሩ ሥጋ የሚገዛ ፐብ በሮስት ብዙ አያተርፍም። ስለ ጣዕሙ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከበሬው ጋር የሚቀርበውን የእንግሊዝ ሰናፍጭ ወይም ሆርስራዲሽ የሚባለውን ነጭ ማጣፈጫ ሳይቀምሱ አይፍረዱ፤ ሁለቱም አፍንጫ ድረስ የሚወጡ ናቸው። ከበግ ጋር ደግሞ በኮምጣጤ የተዘጋጀ የናና ማጣፈጫ ይመጣል፣ ስቡን ይቆርጠዋል። እነዚህ በሳህኑ ላይ የሚቀመጡት ለጌጥ አይደለም፤ የምግቡ ቅመም እነርሱ ናቸው።

የካርዲፍ ነዋሪ

ስለ እሑድ ሕግ ከተነሣ፣ በዌልስ የነበረው ከእንግሊዝም የጠበቀ ነበር። በ1881 በወጣ ሕግ ፐቦች እሑድን ሙሉ ቀን ይዘጉ ነበር፤ ከ1961 ጀምሮ እያንዳንዱ ወረዳ በድምፅ እንዲወስን ሲደረግ ካርዲፍ ለመክፈት ወሰነ፤ በሰሜን ምዕራብ ያለው ድዊፎር ግን እስከ 1996 ድረስ ፐቦቹን እሑድ እንደዘጋ ቆየ። ዛሬ በየመንደሩ የእሑድ ሮስት የሚበላው ያው ፐብ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም በአገሩ በግ። የእኅታችን ባለቤት ያነሡት ጥያቄ በዚህ አገር ሃይማኖተኞች ዘንድ ለአንድ ምዕተ ዓመት ሲያከራክር የኖረ መሆኑን ቢያውቁ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይረዳሉ።

ከፔክሃም

እኔ የምጨምረው፣ እንዲህ ያለ ፐብ በሰፈር ውስጥ መኖሩ በራሱ ዋስትና የለውም የሚለውን ነው። ከኛ ሰፈር ቀጥሎ ነንሄድ ውስጥ ዘ አይቪ ሃውስ የሚባል ፐብ አለ። በ2012 ባለንብረቱ ሊሸጠው ሲነሣ ቤቱ ወደ መኖሪያ አፓርታማ እንዳይለወጥ ነዋሪዎቹ ተንቀሳቀሱ። ሕንፃው በቅርስነት ተመዘገበ፤ ቀጥሎም በ2011 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት ለማኅበረሰቡ ዋጋ ያለው ንብረት ተብሎ ተመዘገበ፤ በአገሪቱም የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ይህ ሕግ ነዋሪዎች ገንዘብ የሚያሰባስቡበት እስከ 6 ወር የሚደርስ ጊዜ ይሰጣል። በ2013 ቤቱን ገዙት፤ 371 ሰዎች አክሲዮን ይዘው በኅብረት ሥራ ማኅበር መልክ ከፈቱት። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሀብታሞች አልነበሩም፤ ምሳ የሚበሉበትን፣ ዘፈን የሚሰሙበትን፣ ከጎረቤት ጋር የሚገናኙበትን ቤት ማጣት ያልፈለጉ ሰዎች ናቸው።

እኛ ዕድርና ማኅበር ያቋቋምን ሕዝብ ስለሆንን ይህን ሥራ ለመረዳት ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። የቅመም ወዳጅ ወንድሜ፣ የአገራችንን ምግብ ቤት መደገፍ ይገባናል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን እዚያ የምናገኘው እርስ በርሳችንን ነው። በላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ሲታመሙ በር የሚያንኳኳው፣ ቁልፍ ሲጠፋ መሰላል የሚያውሰን፣ ስለ ሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚያማክረን ሰው እሑድ የሚገኘው በሰፈሩ ፐብ ነው። እኛ በዚያ ጠረጴዛ ካልተቀመጥን ስለ ሰፈሩ የሚወሰነው ያለ እኛ ይወሰናል።

የታፍነል ፓርክ እናት

ይህን የመጨረሻውን አብረን አነበብነው። ባለቤቴ ለመሄድ ተስማምቷል፤ ጠረጴዛም ጎረቤቶቻችን አስይዘዋል። የቀረው የእርሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ በሬው መካከሉ ቀይ ሆኖ ይቀርባል ሲባል ሰምቶ፣ ልጆቹ እንዳይጠሉት በደንብ የበሰለ ማዘዝ ይቻል እንደሆነ የወጥ ቤት ሰው እንዲነግሩን ይፈልጋል።

የወጥ ቤት ሰው

ይቻላል። ሥጋው የሚጠበሰው ሙሉውን ስለሆነ እንደ ስቴክ ለአንድ ሰው ተለይቶ አይበስልም፤ ነገር ግን የሁለቱ ጫፎች ቁራጭ ሁልጊዜ ከመካከሉ ይልቅ የበሰለ ነው፣ ጨውና ቅመሙም እዚያ ላይ ይበረታል። ሲያዝዙ «ከጫፉ ይሁንልን» ይበሉ፤ ቀድመው ከጠየቁ እናስቀምጣለን። ለትንሹ ልጅ ዶሮው ይሻላል። መረቁ ካነሰዎ ደግሞ ጨምሩልኝ ማለትን አይፈሩ፤ በብዙ ቤት ያለ ተጨማሪ ክፍያ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ይመጣል።